ቀን የሌለው ሕመም

በነዚህ ገጾች ላይ ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ ብዙ ተባብለናል። «ይዘት ይቅደም» ያለ አለ፤ «ቅርጽ የሌለው ይዘት ያልተጋገረ ሊጥ ነው» ያለም አለ። ክርክሩ ግን ዘወትር የሚነሳውም የሚወድቀውም በልብ ወለድና በግጥም ላይ ነው። በዚህች ጽሑፍ ክርክሩን ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አውርደን ወደ ሶዶ ከተማ መንገድ ዳር፣ ራፖር ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸውን ወደሚያቆሙበት ጥላ ሥር ልንወስደው አስበናል። ሂስ የምናቀርበው በማመልከቻ ላይ ነው።

«ማመልከቻም ድርሰት ሆኖ ሊተች ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለምን አይተችም? በአገራችን ልብ ወለድ ከፍቶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ በዕድሜው ሁለትና ሦስት ማመልከቻ አስጽፏል። ማመልከቻ ባለታሪክ አለው፤ መነሻ አለው፣ ጡዘት አለው፣ መደምደሚያውም ልመና ነው። አንባቢም አለው። አንባቢው እንዲያውም የልብ ወለድ አንባቢ የሌለው ሥልጣን አለው። የልብ ወለድ አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ቢተኛ ባለታሪኩ ምንም አይሆንም። የማመልከቻ አንባቢ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ሲከት ግን ባለታሪኩ ደጅ ላይ ቆሞ ነው።

ያነበብናቸው 9 ማመልከቻዎች የአንድ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከሚገኙት ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ቅጂዎቹን በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠዋቸው ኖሮ፣ ስማችን አይጠራ እንጂ አንብቡት፣ ተማሩበትም ብለው ሰጡን። ስለዚህ ስማቸውን አንጽፍም፤ ወረቀቱ የገባበትን መሥሪያ ቤትም አንጠራም። በማዕረጋቸው «አስር አለቃው» እያልን እንቀጥላለን።

አስር አለቃው የዘመቱት በ1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1975፣ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ወጣት ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራል። የሳቸው ሁለት ዓመት ግን ተስቦ ተስቦ ሰባት ሆነ። በሰሜን ግንባር ቆይተው በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ወላይታ ተመለሱ። ያን ጊዜ 450 ሺ ያህል ወታደር ነው በየመንደሩ የገባው። ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ የሚሆን ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ተቋቁሞ ነበር። አስር አለቃው ግን በሁለት እግራቸው ቆመው፣ እጃቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ሙሉ ስለነበር ራሳቸውንም እንደ ጉዳተኛ አልቆጠሩም። እግራቸው ማታ ማታ ያብጥ ነበር፤ ሲያድር ይጎድላል። ማን ነው በዚህ ጉዳተኛ ነኝ ብሎ የሚሰለፍ?

ሕመሙ የወላይታ ልጅ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ ረቂቅ ብናኙ በቆዳ በኩል ይገባል፤ የፈሳሽ መተላለፊያ ሥሮችን ያስቆጣል፣ ይደፍናል፤ እግር ያብጣል። ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ከአፈሩ ጋር ማያያዙን በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በጥናት አሳይቷል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 የሚበልጠው በዚህ ሕመም እንደተያዘ አመለከተ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በዞኑ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያከስር አሰላ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ ናሙናው ከወላይታ የተወሰደ ምርምር፣ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ ሕመሙ አንድ እናት የለውም። አፈር አለበት፣ የጫማ እጦት አለበት፣ ተፈጥሮም አለበት። ይህን እንያዝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ድርሰቶቹ እንግባ።

የመጀመሪያው ማመልከቻ በደብተር ወረቀት ላይ የተጻፈ ሦስት ገጽ ነው። ጸሐፊው በጊዜው 8ኛ ክፍል የነበረ የወንድማቸው ልጅ ነው። አስር አለቃው በወላይትኛ ይናገራሉ፣ ልጁ ወደ አማርኛ ያገባል። ፊደሉ ይንጋደዳል፣ ነጥብ የለውም፣ «ጉዳዩ» የሚል ርእስ እንኳ የለውም። ታሪኩ የሚጀምረው ከልጅነት ነው፤ ከእንሰት ጓሮ፣ በባዶ እግር ከተረገጠው አፈር። ከዚያ ምልመላው ይመጣል። በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ጫማ ያጠለቁት ወታደር ሲሆኑ እንደነበረ ይናገራል። በአራተኛው ዓመት ጫማው እንደተቀደደ፣ ለወራት በበረባሶ፣ በረባሶው ሲበጠስም በባዶ እግር ድንጋይና አቧራ ውስጥ እንደዋሉ ይተርካል። ምሽግ ውስጥ እግራቸውን ያቃጥላቸው እንደነበረ፣ የጦሩ ሕክምና ኪኒን እንደሰጣቸው፣ ሲመለሱ ደግሞ ጫማ መግዣ ስለሌላቸው ያንኑ አፈር በባዶ እግራቸው እንዳረሱ ይነግረናል። በመጨረሻ በየወሩ ትኩሳት ይዟቸው፣ እግራቸው ቀልቶ፣ ከአልጋ የማይወርዱባቸውን ቀኖች ይቆጥራል። ልመናው አንድ ነው፦ ኑና እግሬን እዩልኝ።

በኛ አስተያየት ከዘጠኙ የበለጠው ድርሰት ይህ ነው። እውነቱ ስላሳዘነን ብቻ አይደለም እንዲህ የምንለው፤ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለቱ ስላልተበጠሰ ነው። ከአፈሩ ወደ ጫማው፣ ከጫማው ወደ ምሽጉ፣ ከምሽጉ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ አልጋው ሳይዘል ይሄዳል። አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሤራ አወቃቀር ሲጠየቅ ይህን ቢያቀርብ አያፍርበትም። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው መልስ ግን ባጭሩ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ ይቅረብ የሚል ነበር።

ሁለተኛው ማመልከቻ በራፖር ጸሐፊ እጅ የተዘጋጀ ነው። አንድ ገጽ፣ በመኪና የተመታ፣ ኅዳጉ የተስተካከለ፣ «ጉዳዩ፦ የአካል ጉዳት ጡረታ እንዲከበርልኝ ስለመጠየቅ» የሚል። ልጅነት ወጥቷል። አፈር ወጥቷል። በሦስተኛው ጫማውም ወጣ። በአራተኛው «ሕመም» የምትለው ቃል ራሷ ጠፍታ በቦታዋ «በግዳጅ ላይ እያለሁ በደረሰብኝ ከባድ ጉዳት» ገባች። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስተውል። ቃላቱ ሲቀየሩ በሽታው ተቀይሯል። ሕመም ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው፤ «የደረሰ ጉዳት» ግን ከውጭ መጥቶ የሚመታ ነው። የሚመታ ነገር ደግሞ ቀን ይኖረዋል። መልሱም ይህንኑ ተከትሎ መጣ፦ ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ቦታ ይገለጽ።

በአምስተኛው ማመልከቻ ቀኑ ተገለጸ። መጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ አፋቤት።

ለምን አፋቤት? አስር አለቃው ሲነግሩን፣ ራፖር ጸሐፊው «በየትኛው ውጊያ ላይ ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በዚያን ሰሞን ሰሜን እንደነበሩ ነገሩት፤ እሱ ጽፎ አነበበላቸው፤ ፈረሙ። ጸሐፊው የታወቀውን መረጠ። አፋቤትን የማያውቅ የለም፤ ትልቅ ውጊያ ነው፣ ትልቅ ሽንፈት ነው። ትልቅ ታሪክ ትልቅ ስም ይፈልጋል ብሎ ይሆናል። አንድ ጀማሪ ደራሲ ባለታሪኩን ከማይታወቅ ጉብታ አንስቶ ከታወቀ ጦር ሜዳ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ይህ ማታለል አይደለም። የታዘዘውን ባዶ ቦታ መሙላት ነው። ቅርጹ ቀን ጠየቀ፤ ቀን ተሰጠው።

ውጤቱስ? ሐኪሞች መረመሩ፤ የቁስል ጠባሳ የለም። መዝገብ ታየ፤ ክፍላቸው በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ ማስረጃው እርስ በርሱ ይጋጫል ተባለ። ስድስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ማመልከቻ ስለ እግር የሚሉት ነገር የለም። ስለ አምስተኛው ማመልከቻ ነው የሚከራከሩት። «በቁጥር ይህን በቀን ይህን ለጻፋችሁልኝ» እያሉ ወረቀት ወረቀትን ይጠራል። ባለታሪኩ ከራሱ ታሪክ ወጥቷል። ዘጠነኛው አራት መስመር ነው። ጡረታ አይጠይቅም፤ አበል አይጠይቅም። ከዚህ ቀደም ያስገባኋቸው ዋና ማስረጃዎች ይመለሱልኝ ይላል፤ በቃ።

የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን ቅርጽ ይዘትን ይወስናል ሲሉን ብዙዎቻችን ለፈተና ያህል ጽፈነዋል። ይኸው ተወሰነ። ይዘቱ እውነት ነበር፤ ቅርጹ ሐሰት አስገባበት፤ ከዚያ በሐሰቱ ምክንያት እውነቱ ተጣለ።

ለመሆኑ ቅርጹ ለምን ቀን ይጠይቃል? ሹማምንቱ ክፉ ስለሆኑ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ግን ሂስ አይሆንም። ከበስተጀርባው ሕግ አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ ወታደሩንና ፖሊሱንም ያቀፈው፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው፣ ሁለት በር አለው። በጤና ጉድለት ከሥራ የሚለይ ሰው የዕድሜ ልክ አበል እንዲያገኝ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ጉዳቱ በሥራው ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን የ10 ዓመቱ በር አይዘጋበትም። እንግዲህ ለሰባት ዓመት ዘማች የቀረው መግቢያ አንድ ብቻ ነው፦ ሕመሙ ከግዳጁ የመጣ መሆኑን ማሳየት። እንጀራው በሙሉ በአንዲት «ምክንያት» በምትባል ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ሕጋችን ስለ በሽታና ስለ ምክንያት እንዴት እንደሚያስብ ለማየት ወታደርን የማይመለከተውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም ብንገልጥ ይጠቅማል። አዋጁ የሥራ በሽታን ሲተረጉም፣ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚገኙና የሚዛመቱ ነዋሪ ወይም ወረርሽኝ በሽታዎችን ከትርጉሙ ያስወጣል። የሚቀሩት እነዚያን በሽታዎች መዋጋት ሥራቸው የሆኑ ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ ይገባል፤ ወባ የሁሉ ከሆነ አሠሪው ለምን ለብቻው ይከፍላል ነው። ዳሩ ግን በዚህ ሐሳብ ውስጥ አንድ ነገር ተሰውሯል። የአገሬው በሽታና የሥራው በሽታ በአንድ እግር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። አስር አለቃው ወላይታ ተወልደው አፈር ረገጡ፤ መንግሥት ጫማ ሰጣቸው፤ ጫማው ሲያልቅ አልተተካም፤ ሕመሙ ዳር ዳር ሲል የነበረው መጣ። ከአፈሩ ስንት እጅ፣ ከግዳጁ ስንት እጅ? ይህን በመቶኛ የሚነግረን የሐኪሞች ቦርድ የለም። ስለማይታወቅ ግን መልሱ ዜሮ አይሆንም።

ደግሞ ቦርዱ የሚያየው በቀጠሮ ቀን ነው። የሥር የሰደደ ሕመም ጠባይ ደግሞ መሄድና መመለስ ነው። ትኩሳቱ የያዛቸው ቀን አስር አለቃው ሶዶ ድረስ መምጣት አይችሉም፤ መምጣት የሚችሉት ሲሻላቸው ነው። ስለዚህ ሐኪም የሚያገኛቸው ሁልጊዜ በደኅና ቀናቸው ነው። እግራቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ነጠላ አድርገው፣ ቆመው ነው የሚታዩት። አበሻ ለሹም ፊት ሲቀርብ እንደዚያ ነዋ የሚቀርበው! ያ ጨዋነታቸው በመዝገብ ላይ ጤንነት ሆኖ ተጻፈ።

እስቲ ደግሞ ቋንቋችንን እንመርምር። «ቁስለኛ» ስንል ክብር አለው፤ ቁስለኛ የሚሸከሙት ሰው ነው። «የጦር ጉዳተኛ» ስንል የታወቀ ማዕረግ ነው። «በሽተኛ» ስንል ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ እንዲያውም ስድብ ሲሆን ሰምተናል። «የጦር በሽተኛ» የሚል አነጋገርማ ከነአካቴው የለንም። ጦርነት ያቆስላል፣ ይገድላል፣ ይማርካል፤ ያሳምማል ግን አንልም። ቃል የሌለው ነገር ማመልከቻ ላይ እንዴት ይጻፋል? ራፖር ጸሐፊው «ሕመም» የሚለውን አውጥቶ «ጉዳት» ያስገባው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ አማርኛችን ያቀበለው ማዕረግ ያላት ቃል ያቺ ብቻ ስለሆነች ነው።

ሥነ ጽሑፋችንስ? እዚህ ላይ ደራሲዎቻችንን እንጠይቃለን። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ የቀይ ኮከብ ዘመቻን መፈክርና ውድቀት በአንድ ላይ አሳየን። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ። ለድፍረቱ የከፈለውን የምናውቅ ሰዎች በቀላሉ አንናገረውም። ነገር ግን የመጽሐፉ ዓይን የጋዜጠኛው የጸጋዬ ዓይን ነው። ወታደሩን የምናየው ሲዘምት፣ ሲዋጋና ሲወድቅ ነው። ርእሱ ራሱ «በቃ፣ አከተመ» የሚል ስሜት አለው። ጥያቄያችን እዚያ ላይ ነው፦ ለማን አከተመ? ለዘመቻው ይሆናል። እግሩ ማታ ማታ ለሚያብጠው ወታደር ገና አልጀመረም። ከዚያ ወዲህ የወጡት የጦር ሜዳ ትዝታዎችም በአብዛኛው በትልልቆቹ ውጊያዎች ይጀምራሉ፣ በ1983 ያልቃሉ። የጡረታ ፋይሉ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው፤ ደራሲዎቻችን ደግሞ መጽሐፉን የሚዘጉት እዚያው ላይ ነው። ራፖር ጸሐፊው ከአፋቤት ሌላ የሚያውቀው ትዕይንት ባይኖር ምን ይገርማል? እኛው አላስተማርነውም።

ነገሩ ሊጻፍ የማይችል ሆኖ አይደለም። ሩሲያዊው ጎጎል በ1842 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «የሞቱ ነፍሳት» ውስጥ የሻምበል ኮፔይኪንን ታሪክ አስገብቷል። ኮፔይኪን በ1812ቱ ጦርነት እጁንና እግሩን ያጣ መኮንን ነው። ወደ ፒተርስበርግ ሄዶ ጡረታ ይጠይቃል፤ ተመለስ ይባላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ እስኪመጡ ጠብቅ ይባላል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ በመጨረሻ ነገር አበዛህ ተብሎ ከከተማው ይባረራል። ቀጥሎ የሚሰማው ወሬ ሽፍታ ሆነ የሚል ነው። ሳንሱሩ ታሪኩን እንዳለ አላሳልፍም ስላለ ጎጎል ጥፋቱ ወደ ኮፔይኪን እንዲያዘነብል አድርጎ እንደገና ጻፈው። ሳንሱሩ የፈራው ውጊያውን አልነበረም፤ ደጅ ጥናቱን ነው። ሆኖም ኮፔይኪን እንኳ ከአስር አለቃው ይሻላል፤ የጎደለው አካል በዓይን ይታያል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ሶፎክልስ አለ። «ፊሎክቴቴስ» የተባለው ተውኔቱ በ409 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቀረበ። ፊሎክቴቴስ ወደ ትሮይ ሲዘምት እባብ እግሩን ነደፈው። ቁስሉ አልሽር አለ፤ ሸተተ፤ ጩኸቱ ጓዶቹን ረበሸ። ስለዚህ ሌምኖስ ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ። ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሱት ያለ እሱ ቀስት ትሮይ አትወድቅም የሚል ትንቢት ስለሰሙ ነው። ሶፎክልስ ራሱ የጦር አዛዥ የነበረ ሰው ነውና የሚያወራውን ያውቃል። ያልሞተና ያልዳነ ወታደር ለሠራዊት አይመችም። የሞተው ይለቀስለታል፣ የዳነው ይዘምታል። የማይሽር እግር ያለው ግን በየትኛው ረድፍ ይቁም? ፊሎክቴቴስ የሚፈለግ ቀስት ነበረው፤ አስር አለቃው የሚፈለግ ነገር ስለሌላቸው ደሴቱ ላይ እንደቀሩ ናቸው። ደሴቲቱም የዳሞታ ግርጌ ናት።

አሁን ተቃዋሚያችንን እንስማ። «ቀንና ማስረጃ ካልተጠየቀ ሁሉም ጡረተኛ ይሆናላ! ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይ ወንፊት ያስፈልጋል» ይለናል። ልክ ነው። ወንፊት አይኑር አላልንም። ነገር ግን የጤፍ ወንፊት ለባቄላ አይሆንም። ለቁስል ቀን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለሥር የሰደደ ሕመም ሊጠየቅ የሚገባው ርዝመት ነው። መቼ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ አስቀረ፣ ጤና ጣቢያ ስንት ጊዜ አስሄደ? እነዚህም ማስረጃዎች ናቸው፤ ሊመረመሩም ሊመሰከሩም ይችላሉ። የአምስተኛው ማመልከቻ ታሪክ የሚያሳየው እኮ የቀኑ ወንፊት እውነተኛውን ሰው ሐሰት እንዳናገረ ነው። ወንፊቱ ራሱ የሚያበላሽ ከሆነ ሐሰተኛን ለየሁ ማለት አይችልም። የማያፍረው ሰው ለቀኑ ጥያቄ ጥሩ ቀን ይዞ ይመጣል፤ የሚጠፋው የማያውቀው ነው።

ራፖር ጸሐፊውንም እንዲሁ አንኮንነው። እሱ ከኛ ይልቅ አንባቢውን ያውቃል። አንድ ገጽ ካለፈ እንደማይነበብ፣ «ልጅነቴ» የሚል ቃል ከታየ ወረቀቱ እንደሚወረወር በልምድ ተምሯል። በሥራው ደግሞ ሰውን ረድቶ ያውቃል፤ ብዙ መሬትና ብዙ ውርስ በሱ ብዕር ተመልሷል። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን አርአያ ነው። ረጅሙን ሕመም ባንድ ገጽ ላይ የሚያሰፍር አርአያ ማንም አልሠራለትም። ይህን መሥራት የማን ድርሻ ነው? ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እንማራለን የምንል ሰዎች እዚሁ አለን አይደል?

ነገሩ የአንድ ሽማግሌ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዝነን እናልፈው ነበር። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት (1990–1992 ዓ.ም.) በኋላ ሌላ ዙር ወታደር ተበትኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከነበረው የሰሜኑ ጦርነት በኋላ ደግሞ በ2015 የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ወደ ሲቪል ሕይወት እንዲመለሱ ያቀዳቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር ከ370 ሺ በላይ ነው። ከነዚህ ውስጥ እጁ የተቆረጠው ይቆጠራል። የማይተኛው፣ የሚያስለው፣ ኩላሊቱ የሚያመው፣ በድምፅ የሚደነግጠው ግን ዛሬ ደኅና መስሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ማመልከቻውን የሚያስጽፈው ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ «ቀኑ መቼ ነበር?» ይባላል። አንዳንዶቹ የክፍል ጓደኞቻችን ወንድሞች ናቸው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ በየመንደራችን ማመልከቻ ጻፍልኝ ስንባል (መባላችን ደግሞ አይቀርም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነውና) የሰውየውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ ቋንቋ እንስማ። ወላይትኛ የሚናገረውን በወላይትኛ ሰምተን ከዚያ በኋላ አማርኛውን እንፈልግ። ሁለተኛ፣ «ሕመም» የምትለውን ቃል ከወረቀቱ አናስወጣት፤ ቀን የማይታወቅ ከሆነ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ እየባሰ» ብለን እንጻፍ እንጂ ቀን አንፍጠር። ሦስተኛ፣ ከማመልከቻው ጋር አንዲት ሠንጠረዥ እናያይዝ፤ በየወሩ የተኛበትን ቀን፣ ጤና ጣቢያ የሄደበትን ቀን፣ ያላረሰውን ጥማድ የምታሳይ። ሠንጠረዥ ልብ የሚነካ ድርሰት አይደለም፤ ግን አንባቢው የሚያምነው የአጻጻፍ ስልት እሱ ነው። የአንባቢን ጠባይ አውቆ መጻፍ ደግሞ የድርሰት ሀሁ ነው። አራተኛ፣ ደራሲ ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቻችን፣ ከ1983 በኋላ ያለውን ምዕራፍ ጻፉልን። ተኩስ የለበትም፤ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበርና «ነገ ተመለስ» ነው ያለበት። ጎጎል ከዚህ ነው ሥነ ጽሑፍ ያወጣው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አስር አለቃው በሽታቸውን አልደበቁም። በመጀመሪያው ማመልከቻ፣ በደብተር ወረቀት ላይ፣ በሦስት ገጽ ሙሉውን ተናግረዋል። በኋላ የደበቀው የተስተካከለው አማርኛችን ነው። አስረኛው ማመልከቻ ገና አልተጻፈም፤ ሲጻፍ ከመጀመሪያው ቢነሳ መልካም ነው።